የሰባት ዓመት ግዝት

አባዬ፣

አንተ ማለቴን እንዳትቀየመኝ። በሕይወት ሳለህ አንቱ እንጂ አንተ ብዬህ አላውቅም፤ አንድ ቀን በማኅበርተኞችህ ፊት አዳልጦኝ አንተ ብልህ እናቴ ጓዳ ወስዳ ጭኔን በቁንጥጫ አቅልታዋለች። ዛሬም በአንቱ ጀምሬ ነበር፤ ሁለት ወረቀት አበላሸሁና ተውኩት። እግዚአብሔርንም በጸሎት አንተ ነው የምንለው። አንተም አሁን በእሱ ወገን ስለሆንክ በዚያው ልጥራህ።

ከተለያየን ሰባት ዓመት ሊሞላ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የሰባት ዓመት ተዝካርህን ላወጣ ጌሾውን አስወቅጫለሁ፣ ብቅሉም ተፈጭቷል። ለሞተ ሰው ደብዳቤ የጻፈ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ይህን ሳልነግርህ ድግስህ በጉሮሮዬ የሚወርድ አልመሰለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሣር ክዳኑን አንሥተን ቆርቆሮ አልብሰነዋል። ክረምት ዝናቡ ሲወርድበት ጆሮ አያሰማም፤ ብትኖር «ይሄ ቤት ነው ወይስ ከበሮ?» ትል ነበር። እስከ ጎፋ አውቶቡስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያው በእግር ነው፣ ጭቃውም እንደ ድሮው ጫማ ያወልቃል። በነፋስ ስልክ በኩል ፋብሪካ ተከፍቶ የጎረቤቶቻችን ልጆች ማረሻውን ጥለው ወደዚያ ሄደዋል። ከጥንዶቹ በሬዎችህ ዳማው ሞተ፤ የቀረውን ከእማማ ጫልቱ በሬ ጋር በመቀናጆ እያረስን ነው። ማኅበሩም አለ፣ ጽዋው በየወሩ ይዞራል። ከአንተ በኋላ ሙሴ ተብለው ማኅበሩን የሚመሩት ሰውዬ እንደ አንተ አይቆጡም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እያረፈደ ይመጣል።

ልጅህ ደበበ ከአጥራችን ማዶ፣ ኮሶዋ ካለችበት ጥግ ቤት ሠርቶ ሚስት አግብቷል። ከእኔ በር ተነሥቼ አንድ አባታችን ሆይ ሳልጨርስ እሱ በር ላይ እደርሳለሁ። ከዚያ ቤት ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ጉንጭ ውሃ አልጠጣሁም። ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እንዲሁም አንተ።

የእናቴን የአርባ ቀን ተዝካር መቼም አትረሳውም። ዳሱ ሞልቷል፣ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰዋል፣ ማኅበርተኛው በየማዕረጉ ተቀምጧል። ደበበ ያን ጊዜ በውጭ አገር ሰዎች ሐኪም ቤት ድሬሰር ሆኖ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ይሠራ ነበር፤ ሃይማኖታቸውንም በዚያው ተቀብሏል። አንዱ ሽማግሌ ጠላ ቀድቶ «ለእናትህ ነፍስ ጠጣ» ቢለው ተነሥቶ ቆመ። እናቴ የዳነችው ባመነችው ጌታ ነው፣ ይህ ሁሉ ድግስ አንዲት ስንዝር ወደ ገነት አያስጠጋትም ብሎ ለሕዝቡ ተናገረ። እውነት ይሁን ስህተት እኔ አልፈርድም። እናቱ ከሞተች አርባ ቀኗ ነበር፣ አባቱ የማኅበሩ ሙሴ ነበር፣ ያን ቀን ግን ዝም ማለት አቃተው።

አንተ ጽዋህን ሳትጠጣ አስቀመጥክ። ከዚያ ወዲያ ስሙን አልጠራህም፤ «ያ ሰው» ሆኖ ቀረ።

በዓመቱ አንተም ወደቅህ። ደበበ መድኃኒቱን በእጁ ይዞ ሦስት ቀን ደጃፍ ቆመ፤ እንዳይገባ አልክ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰውን ሁሉ አስወጣህና እኔን ወደ ራስጌህ ጠራኸኝ። ከዚያ ሰው ቤት እህል ውሃ ብትቀምሺ ውግዝ ከመ አርዮስ፣ ይህንንም ለማንም ብትተነፍሺ ውግዝ ከመ አርዮስ አልከኝ። ግዕዝ አላውቅም፤ ያቺን ቃል ግን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። እንደ መናፍቁ ከቤተ ክርስቲያን የተቆረጠ፣ ከጌታ ማዕድ የተለየ ማለት ናት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እኔም እሺ አልኩ።

ለምን እሺ እንዳልኩ ታውቃለህ። ባሌ መኻን ናት ብሎ የሰደደኝ ቀን ከፉሪ እስከ ላፍቶ ጓዜን ተሸክሜ መጥቼ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ነበር። ወጥተህ ጓዜን ከትከሻዬ ወሰድክ፤ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኸኝም። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ከዋናው ቤት ጎን ለእኔ ክፍል ልትቀጥል የምሰሶ ጉድጓድ ስትቆፍር አገኘሁህ። እንዲህ ላደረገልኝ አባት በሞት አልጋው ላይ እንቢ የምልበትን አፍ ከየት ላምጣ?

ግዝቱን እንደሰጠኸኝ ጠበቅሁት። አጠባበቄን ብታይ ግን መሳቅህም ማልቀስህም አይቀርም ነበር። ደበበ አኩርፎኝ ቢቀመጥ ቀላል ነበር። እሱ ግን ያኮረፈው አንተን እንጂ እኔን አይደለም። አስካልዬ ነይ ምሳ እንብላ፣ አስካልዬ ዛሬ በዓል ነው ይለኛል። ሚስቱ ወርቅነሽ ከወሊሶ ነው የመጣችው፣ እጇ የማይሰስት ሴት ናት፤ ቆጮውን በአይብ አቅርባ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ምን ልበል? ጾም ነኝ አልኩ። የአዋጁ ጾም ሲሆን ደህና ነው። ሁዳዴ ሲያልቅ የንስሐ ጾም አለብኝ አልኩ። የንስሐው ሲረዝምብኝ ስለት አለብኝ አልኩ። በበዓለ ሃምሳ ሰው ሁሉ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር ሥጋ ሲበላ፣ መጾምም ክልክል እንደሆነ እያወቅሁ፣ ከላፍቶ ክርስቲያን እኔ ብቻ ጿሚ ሆኜ ተገኘሁ። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ስበላም እንደ ሌባ ነበር፤ ጾመኛዋ ስታላምጥ ሰው እንዳይሰማ።

ወሬው አገሩን አዳረሰ። ጻድቋ አስካለ ተባልኩልህ። ልጅ የታመመባት ትመጣለች፣ ከብት የጠፋበት ይመጣል፣ ጸልዪልኝ ይሉኛል። እማማ ጫልቱ ላሟ ጠፍታባት እያለቀሰች ብትመጣ ጨንቆኝ አንድ አባታችን ሆይ ደገምኩላት፤ ላሟ በማግስቱ ከወንዝ ማዶ ተገኘች። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ! በማኅበሩ ቀን ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ይነሡልኝ ጀመር። እኔ ደግሞ እየተሳቀቅሁ፣ በውሸቴ ላይ ክብር እየተከመረ፣ ቁጭ እላለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ራሱ ደበበ ነበር። ከሥራ ሲመለስ እኔ ቤት ጎራ ይልና እራቱን ይበላል፤ ግዝቱ በእኔ ላይ እንጂ በእሱ ላይ አልነበረም። ገበታው ሲነሣ ፊደል ያስቆጥረኛል። ከቤቱ እህል ውሃ አልከኝ እንጂ ፊደል አላልከኝም ብዬ ልቤን አሳመንኩት። ይህንን የምታየውን ጽሕፈት ያስተማረኝ እሱ ነው። ጽሕፈቱ ሲያልቅ ስብከቱ ይጀምራል። ሰው በጾሙና በስግደቱ አይድንም ይለኛል። ሕግ ሐኪም ቤት በሽተኛ ብብት ሥር እንደማስቀምጠው ቴርሞሜትር ነው፣ ትኩሳቱን ይነግርሻል እንጂ አያበርድልሽም ይላል። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ስንት ቀን ጾሞ ገነት ገባ? ይለኛል። እኔም በልቤ፣ ወንበዴውን እንኳ አባቱ አልገዘተውም እላለሁ።

በጾሜ የምመካ መስሎት ስንት ጊዜ አለቀሰልኝ መሰለህ። እኔ ግን በምንም አልመካም፤ ታስሬ ነው። ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ተክሌ እንዳልናገር አፌን ዘግተኸዋል። ሳልናገር መቁረብ ደግሞ እፈራለሁ። ስለዚህ ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል፣ ሌላው ወደ ቁርባን ሲሄድ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከዓምዱ ሥር እቀራለሁ። ሰው ደግሞ ይህንንም ከትሕትናዋ ነው አለ። ወዲህ ብል ግዝት፣ ወዲያ ብል ግዝት። ሌላው ቀርቶ ኃጢአቴን እንኳ ኃጢአት ነው ብሎ የሚወቅሰኝ ሰው አጣሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ወርቅነሽ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴቶቹ ተሰብስበው ገንፎ ሲበሉ እኔ ደጅ ላይ እልል ብዬ፣ ስለቴን አሳብቤ ተመለስኩ። ልጁ በአርባ ቀኑ ሞተ። ለቅሶ ለመቀመጥ ስሄድ ጎረቤት አብስሎ ያመጣውን እህል እንኳ አልነካሁም፤ ደጃፉን ካለፈ የዚያ ቤት እህል ሆኗል ብዬ ፈራሁ። ወርቅነሽ ከመደቡ ላይ ሆና አየችኝ። ዓይኗን ቶሎ ከላዬ አልነቀለችም። አባዬ፣ ያን ቀን ጠላሁህ። ይኸው ተናገርኩት። ቤቴ ገብቼ ጋቢህን ካለበት ሳጥን አውጥቼ ወደ ውጪ ወረወርኩት፤ ወዲያው ደግሞ ሮጬ አነሣሁና አራግፌ መለስኩት።

ከሦስት ሳምንት በፊት እንደገና ወለደች። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ደበበ ደጅ ቆሞ በራሱ ሥርዓት ሲጸልይ እሷ ውስጥ ማርያም፣ ማርያም እያለች ትጮኻለች፤ በዚያ ጭንቅ ሰዓት ማን ማንን ይከራከራል? ሴት ልጅ ሆነች። ሦስት ጊዜ እልል አልን። እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኳት፣ እሷም አሜን አለች። ገንፎው ሲቀርብ እንደ ልማዴ ነጠላዬን አጣፍቼ ልወጣ ስል ከአልጋው ስሜን ጠራችኝ። አስካልዬ፣ ለፊተኛው አልበላሽለትም፣ ሄደብኝ፤ ለዚህች አንድ ጉርሻ ብቻ አለችና ከራሷ ሳህን ቆርሳ ዘረጋችልኝ። ክንዷ ደም አልቆበት ገርጥቷል።

ልጁ በእኔ ምክንያት እንዳልሞተ አውቃለሁ፤ ደበበም ሐኪሞቹ የነገሩትን አስረድቷታል። እሷ ግን ይህን ሁሉ ዓመት የተጠየፍኳት መስሏታል፣ እኔም አይደለም የምልበት አፍ አልነበረኝም። ያንን ክንድ ሳይ ስለ ገነትም ስለ ሲኦልም አሰብኩ፣ አልዋሽህም። ነፍሴ ከጌታ ማዕድ ትቆረጣለች፣ እሺ ትቆረጥ አልኩ። ይህችን ሴት ግን ሁለተኛ በዚያ ዓይን እንድታየኝ አላደርግም አልኩ። ተንበርክኬ ጎረስኩ። ምድር አልተከፈተችም። በርበሬው ትን አለኝና ሳልኩ፣ ሴቶቹም ሳቁ። ወርቅነሽ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት አታንሣብኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅጽሩን አልፌ መግባት አቃተኝ። ከበሩ ውጪ፣ ለማኞቹ ከሚቀመጡበት ተቀምጬ አስቀደስኩ። ጻድቋ አስካለ ዛሬ ደግሞ ከነዳያን ጋር ተቀመጠች ተባለ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ከጣስኩ ሌላው ምን ቀረው ብዬ ወደ መምሬ ተክሌ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ አንድ ጆሯቸውም አይሰማም፤ ስለዚህ ምሥጢሬን በጩኸት ነው የተናገርኩት። ሰምተው ሲጨርሱ አዩኝ አዩኝና፣ እንዴ ልጄ፣ ያቺንማ ያኔውኑ ፈትቻት የለም እንዴ? አሉኝ።

አባዬ፣ ያን ጠዋት ከገዘትከኝ በኋላ ምንጭ ወርደሽ ውሃ ቅጂ ብለህ ላክኸኝ። መምሬ ተክሌ የመጡት በዚያ መሀል ነው። የንስሐህን ነገር አልጠየቅኋቸውም፣ አይነግሩኝምም። ይህንን ግን ገና ሳይቀመጡ፣ ከንስሐው በፊት ጮክ ብለህ የተናገርከው ነው አሉኝ። ልጄን በማይሆን ነገር አስሬያታለሁ፣ ከወንድሟ ከደበበ ቤት እህል ውሃ እንዳትቀምስ ገዝቻታለሁ፣ ይፍቱልኝ ብለህ ለመንካቸው። እሳቸውም ይፍታህ፣ ይፍታት ብለው በመስቀላቸው ባረኩና፣ ስትመለስ ራስህ ንገራት ብለው ሄዱ። የነገርከኝ መስሏቸው ሰባት ዓመት አለፈ። እኔም ለማንም እንዳልተነፍስ ስለተገዘትኩ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም።

ስመለስ አንደበትህ ተዘግቶ ነበር። እጄን ይዘህ ትስበኝ ነበር፤ ዓይንህ ፈጦ፣ ከንፈርህ እየተንቀሳቀሰ። የጠማህ መስሎኝ ውሃ አጠጣሁህ። አሁንም ሳብከኝ፣ አሁንም አጠጣሁህ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፍክ። ተፈትተሻል ልትለኝ ነበር።

መምሬ ፊት ሳቅ አመለጠኝ፣ ከዚያም ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረና ሊያባብሉኝ አልቻሉም። በሩ ክፍት ነበር፣ እኔ ግን እስረኛ ነበርኩ። የወርቅነሽን የመጀመሪያ ልጅ አቅፌ፣ ገንፎውን በልቼ፣ ሲሞትም ከእናቱ ጎን ተቀምጬ አብሬያት ማልቀስ እችል ነበር። ይህንን ማን ይመልስልኛል? እጅግ ተናደድኩብህ። ምነው ከመምሬ በፊት እኔን መልሰህ በጠራኸኝ፣ ምነው ውሃው በቀረ እላለሁ። ደግሞ መለስ እልና ምን ልብህን መለሰው ብዬ አስባለሁ። ምናልባት ደበበ ደጅ ሆኖ ሲያስል ሰማኸው ይሆናል።

ለደበበ ነገርኩት። ስብከቱን ይጀምርብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ነገሩ አልቋል፣ ተፈትተሻል፣ የቀረሽ ማመን ብቻ ነው እያለ ሰባት ዓመት ሲነግረኝ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ ምሳሌውን በራሴ ላይ ይዤለት መጣሁ። ብቻ፣ ስሜን ጠራው? አለኝ። ጠርቶሃል፣ ደበበ ብሎሃል አልኩት። ወደ ጓሮ ዞሮ ሄደ፤ የልቅሶው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ይህንን ስጽፍልህ እሱ ለተዝካርህ እንጨት እየፈለጠ ነው። ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ነው የመጣው። ድግሱን አይበላም፤ ዛሬም አያድንም ይላል። እኔም አልከራከረውም። የሚያድንህ እግዚአብሔር መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ ጠላህን እየጠመቅሁ እለምነዋለሁ፣ እሱ እንጨትህን እየፈለጠ ያመሰግነዋል። መጥረቢያውን ግን እንደ አንተ አያነሣም፣ ወገቡን ያመዋል።

አባዬ፣ መፈታት እንዲህ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር። ሕጉ ቀርቷል፤ ፍርሃቴ ግን መቅረቱን ገና አልሰማም። ወርቅነሽ ቤት ገበታ ሲቀርብ፣ ጾም ነኝ የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ይወጣል። ትናንት ብቻ ሁለት ጊዜ ወጣኝ። እጄ መሶቡ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይህ እጅ እስክሞትም የሚተወው አይመስለኝም።

ስለዚህ አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ ብፈልግም መርሳት አልችልም። እጄ በቆመ ቁጥር አንተ ልትለኝ ፈልገህ ያቃተህን ቃል በአንተ ፈንታ እኔ ለራሴ ጮክ ብዬ እላለሁ፦ ተፈትተሻል። ከዚያ እጎርሳለሁ።

ልጅህ አስካለ